በላስቲክ የታሸገው ጨው

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለተክለብርሃን፤

እንደምን ሰንብተሃል? ሳልህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ደረትህን ያፍንሃል? የኪየቭ ምግብ ተስማማህ? ትምህርቱስ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ብዬ ጻፍኩና ብዕሩን አስቀመጥኩ። እናታችን አደይ ደህና ናት፤ ክረምቱ ሲገባ ጉልበቷን ይዟት ነበር፣ ተሽሏታል። እኔ ግን ደህና ነኝ ለማለት እስከ ቅዳሜ መጠበቅ አለብኝ።

ደብዳቤህ በሁለት ወሩ ደረሰኝ። የፖስታው አፍ ላይ ሁለት ዓይነት ሙጫ አለ። ሁለት ጊዜ የለጠፍከው አንተ ነህ? ጽሕፈቱ ያንተ ነው፤ ግን ስለ አደይ አንድ መስመር የለውም። ቸኩለህ ነው?

ስለ ሁለቱ ብረቶች የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ዓይነታቸው የተለያየ ሁለት ብረቶች ሳተላይት ውስጥ ሆነው፣ ምድርን እየዞሩ፣ መሬት ሳይነኩ ይወድቃሉ። ነገር ሁሉ ከምንም ቢሠራ እኩል ይወድቃል የሚባለው እውነት መሆኑ እዚያ ይፈተናል። ገና ወረቀት ላይ ያለ ሐሳብ ነው ብለሃል። ስንት መቶ ዓመት የታመነ ነገር ለምን ይጠረጠራል ብዬ አስቤ ነበር። አንተ ደግሞ፣ ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ነገር እንዳልነካቸው ማረጋገጥ ነው አልክ። ሙቀት። አቧራ። የተረፈች አየር።

እኔ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

በኅብረት ሱቃችን ስኳር የምመዝነው እኔ መሆኔን ታውቃለህ። በየካቲት የአንድ ኪሎው የሚዛን ብረት ጠፋ። ኮሚቴው አንድ ኪሎ ጨው በአቡጀዲ ከረጢት አሰፍቶ፣ ሌላ ብረት እስኪመጣ በዚህ መዝኑ አለ። ከወሎ ሰፈር ነጋዴ ብረት ተውሰን አስተያየነው፤ ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጨው መሆኑን ያሰበ የለም። ኪሎ ሆነ። በሰኔ ግን ሰልፉ ሳያልቅ ስኳሩ አለቀ። አሥራ አንድ ቤተሰብ ባዶ እጁን ተመለሰ። ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

የኮሚቴው ሊቀመንበር ጓድ መኩሪያ ሰልፈኛው ፊት ሲጠይቀኝ ደነገጥኩና ያንተን ደብዳቤ አነሳሁ። ጨውና ብረት ምድር እኩል የማትስባቸው እንደሆነስ፣ ይህንኑ ጠፈር ላይ ሊፈትኑት የሚያስቡ አሉ አልኩ። «እንግዲያው ስኳሩ ጠፈር ወጣ በይኛ!» አለ። ሳቁ። ጎረቤታችን እትዬ የሻሽወርቅም ሳቁ። ደብዳቤውን አምጪ ተባልኩ፤ ሰጠሁ። አልመለሱልኝም። እዚያ የሚጠይቅህ ሰው ቢኖር አስቀድመህ እንድታውቀው ነው።

ቤት ገብቼ ነው የገባኝ። ምድር አላዳላችም። ዝናቡ ነው። ጨው በክረምት እርጥበት ይስባል፤ ከረጢቱ ከበደ፣ እኔም በከበደው ልክ ስኳር እየጨመርኩ ሰጠሁ። የሳቁት ሁሉ ትርፍ ወስደዋል። እትዬ የሻሽወርቅን መስክሩልኝ ብላቸው፣ «ትርፍ በላሁ ብዬ ልፈርም እንዴ የኔ እናት?» አሉኝ። ከረጢቱ ደግሞ የለም። አዲሱ ብረት የመጣ ዕለት ተተርትሮ ጨዉ ተሸጧል።

እንግዲህ እንፈትነው አልኩ። ሰኞ ዕለት አዲስ ጨው ከብረቱ ጋር እኩል አድርገን ሁሉም እያየ መዘንን። ቅዳሜ እንደገና ይመዘናል። ከከበደ ነፃ ነኝ። ካልከበደ ጉዳዬ ወደ አብዮት ጥበቃ ያልፋል። ጓድ መኩሪያ ውሃ እንዳልረጭበት ሰጋና ከረጢቱን በላስቲክ ጠቅልሎ አሰረው፤ ቋጠሮው ላይ በሰም ማኅተም አሳረፈበት። ፈርሚ አለኝ። ጥንቃቄው እንደ እናንተ የሳይንስ ሰዎች መስሎኝ ደስ እያለኝ ፈረምኩ። መንገድ ላይ ነው የነቃሁት። ላስቲኩ የአየሩንም እርጥበት ይከለክላል።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ነገ ሱቁ ሲከፈት ሰልፉ ፊት ቆሜ ላስቲኩን ቅደዱልኝ እላለሁ። የታሸገ ክፈቱልኝ የምትል ሴት ምን እንደምትመስል አውቃለሁ። ይሁን። ግን ለጨው አንድ ቀን ይበቃዋል? አንተ ታውቅ ይሆናል። መልስህ ሲደርስ ነገሩ አልፎ ቢሆንም ጻፍልኝ፤ ማወቅ እፈልጋለሁ።

አደይ ግንባርህን ትስምሃለች። ይህን ነገር አልነገርኳትም፤ ስትጽፍላት እንዳታነሳው። ልጄ ትብለጽ አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች። አብሮህ ለሚኖረው ለሐጎስ፣ እናቱን ጎሮ ድረስ ሄጄ እንደጠየቅኋቸውና ደህና እንደሆኑ ንገረው።

እህትህ ለተብርሃን
ቦሌ ሚካኤል፣ አዲስ አበባ
ሐምሌ 12 ቀን 1971 ዓ.ም.