ለቤት ሰው የተሸጠች ዜሮ ዜሮ መኪና

ለተከበሩ የመኪና መሸጫ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያለ ምንም ውጣ ውረድ ስለተገዛች አዲስ መኪና ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡርነትዎ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ደም ግፊትዎ፣ በተለይም ደግሞ ጆሮዎ እንዴት ነው? ጆሮዎን ነጥዬ መጠየቄ ሰሞኑን ስልክዎ ሲጠራ እንደማይሰሙ ስለተረዳሁ፣ ሕመም እንዳይሆን ብዬ ሠግቼ ነው። ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ በመስታወት ተከበው የቆሙት መኪኖችዎ ሁሉ ደህና ናቸው ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን፤ አንዳችን ቤት፣ አንዳችን ሆስፒታል።

ምናልባት ጉዳይ በዝቶብዎ ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ እኔ የታላቅ ወንድምዎ ሚስት ነኝ። እርስዎም ዋርሳዬ ነዎት፤ እኛ ቤት «ማሙሽ» እየተባሉ ያደጉ፣ ደብተርዎን በጋዜጣ የሸፈንሁልዎ፣ ወንድምዎ የሰው ተሳቢ እየነዳ እስከ ኮሌጅ ያስተማረዎት። ዕድሜዬን ሙሉ በጸሐፊነት የአለቆች ደብዳቤ ስጽፍ ስለኖርሁ «የተከበሩ» እና «ባሉበት» የሚሉት ቃላት ከጣቴ አይጠፉም። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴም ክፋት ኖሮኝ አይደለም። ቢሮዎ በደወልሁ ቁጥር ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ትለኛለች፤ ይህችን ቃል እኔም ለስንቱ አለቃ ስላት ስለኖርሁ ትርጉሟ አይጠፋኝም፣ በልጅቷም አልፈርድም። እርስዎ ግን ማስታወቂያዎ መውጣቱን ለማየት ይህን ጋዜጣ ሳይገልጡ ስለማይውሉ፣ ከጎኑ ብቀመጥ ያገኙኛል ብዬ ነው።

ማስታወቂያዎ «አዲስ መኪና፣ ያለ ውጣ ውረድ!» ይላል። እንዴት ያለ አንጀት የሚያርስ ቃል ነው! እንደሚያውቁት ወንድምዎ ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ወዲህ በየሳምንቱ እየተመላለሰ ደሙን በማሽን የሚያሳጥብበት ሆስፒታል ያለው እኛ ከተማ ሳይሆን ከኛ ቀጥሎ ባለው ከተማ ነው። አሮጌዋ መኪናችን ደግሞ አንድ ቀን ትሄዳለች፣ አንድ ቀን ታኮርፋለች። ቀጠሮው የሚዘለል አይደለም፤ ከተዘለለ ውኃው ሳንባው ውስጥ ይገባል ብለውናል። ስለዚህ አዲስ መኪና የፈለግነው ለሽርሽር ሳይሆን እሱን በሕይወት ለማቆየት መሆኑን ከኛ ቀጥሎ የሚያውቁት እርስዎ ነበሩ። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ. ምርጫ ከሚባል ጣጣ ስለገላገሉን አመሰግናለሁ። ሌላ ሰው መኪና ሲገዛ እዚያም እዚህም ይዞራል፣ ኮፈን ያስከፍታል፣ ሞተር ያስነሳል፣ ነድቼ ልሞክራት ይላል። እኛ ግን ገና ሐሳቡን ከማንሳታችን እርስዎ ደውለው፣ እኔ እያለሁ የሰው በር ብታንኳኩ እቀየማችኋለሁ፣ መርጬ አዘጋጅቼ እጠብቃችኋለሁ፣ የእናንተ ሥራ መጥታችሁ ቁልፍ መቀበል ብቻ ነው አሉን። ወንድምዎ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ብቻውን ፈገግ እያለ ቆየ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው የራሱን አዲስ መኪና፣ ያውም ከወንድሙ እጅ ሊቀበል ነው። ጎረቤታችን መካኒኩ፣ እኔም ልምጣና አንዴ ከሥሯ ልያት ቢለው ፊቱ ቀላ፤ ወንድሜን በባዳ ላስፈትሸው እንዴ፣ በኋላ ምን ይለኛል ብሎ መለሰው። እኔም ብሆን እስቲ ትነሳና ድምጿን ልስማ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ይሉኝታ ያዘኝ። እርስዎ በሠራተኞችዎ ፊት ትከሻችንን አቅፈው «እነዚህማ የቤት ሰዎች ናቸው» እያሉ ሳለ የቤት ሰው እንዴት ብሎ ጎማ ይረግጣል? ይህችን ይሉኝታችንን ከኛ አብልጠው ያውቋት ኖሯል።

፪ኛ. ወንበሮቹን በላስቲክ ጠቅልለው ስላስረከቡን እጅዎ ይባረክ። ወንድምዎ አዲስነቷ እንዳይጎድፍ ብሎ ላስቲኩን አላስነካም አለ። በዚያ ሙቀት ጀርባችን ላይ እየተጣበቀ፣ በተንቀሳቀስን ቁጥር እየተንጫጫ ስንመላለስ ከረምን። ላስቲኩ የፋብሪካ ሳይሆን የጓሮዎ ሥራ መሆኑን ያኔ ማን ይንገረን? ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋም ዜሮ ላይ ነበረች፤ ወንድምዎ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ ብሎ እያየ፣ አየሽ፣ ዜሮ ዜሮ ማለት ይህ ነው ብሎ አሳየኝ። ቆጣሪ ወደ ኋላ የሚመልስ ጎበዝ ባለሙያ ስላለዎት ድርጅትዎን እንኳን ደስ ያለው እላለሁ።

፫ኛ. ስለ ማቀዝቀዣው። የመጀመሪያው ቀን ስንከፍተው ከቀዳዳዎቹ ወርቃማ ብልጭልጭ ብናኝ ቡን ብሎ ፊታችን ላይ ተነሰነሰ። ደንግጬ ላጠፋው ስል ወንድምዎ፣ ተዪው ባክሽ፣ የዘመኑ መኪና የማያመጣው ነገር የለም፣ ሥሪቱ ይሆናል አለኝ። ሥሪቱ! ይህ ሁሉ ዓመት ከመሪ ጋር የኖረ ሹፌር እርስዎን ከሚጠረጥር ፋብሪካው አብዷል ብሎ ማመን ቀለለው። ሆስፒታል ስንገባ መላጣው እንደ ጌጥ ስለሚያብረቀርቅ ነርሶቹ በሳቅ ይሞቱ ነበር፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። በዚያ ክፍል ሳቅ ብርቅ ነውና ለዚህኛው ምስጋናዬ የእውነት ነው።

አራተኛውን ቁጥር ሰጥቼ ልጽፈው አልሆነልኝም። ይቅርታዎን እየለመንሁ እንዲሁ ልተርክልዎ።

ባለቤቴን ማሽኑ ላይ የምታያይዘው ነርስ አንድ ቀን በጣም እንደ ደከመው አይታ እስከ መኪናው ደግፋ ሸኘችን። በሩን ከፍታ ልታስገባው ስትል ዐይኗ ፈጠጠ። ውይ፣ ይቺ እኮ የሰርጌ መኪና ናት አለች! የጫማዋ ተረከዝ የበሳውን ምንጣፍ፣ ሊፕስቲኳ የነካውን የበሩን ጨርቅ በጣቷ እያሳየች፣ መኪናዋ ቅዳሜና እሑድ ከማሳያ አዳራሽዎ እየወጣች፣ በአበባና በሪባን ተሸፍና፣ ወርቃማ ብልጭልጭ እየተነሰነሰባት ሙሽራ ስታመላልስ እንደ ኖረች፣ የላቦራቶሪዋ ጓደኛዋም ከእሷ በፊት በዚህችው መኪና እንደ ተዳረች በደስታ አጫወተችን። ገደኛ መኪና ናት፣ እንኳን ለእናንተ ደረሰች ብላም መረቀችን። ልጅቷ ምን ታድርግ፣ የገዛነው ዜሮ ዜሮ ተብሎ መሆኑን አታውቅም። ቁልፉን ለሙሽራው በእጃቸው የሰጡት ኃላፊው ራሳቸው ናቸው፣ ሲስቁማ ቁርጥ ጋሼን ይመስላሉ አለች። ጋሼ የምትለው ወንድምዎን ነው።

ወንድምዎ በሩን ቀስ ብሎ ራሱ ዘጋው። ከእጥበት በኋላ ስለሚደክመው ስንመለስ የምነዳው እኔ ነኝ፤ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ፣ ሠራተኞቹ ከእሱ ተደብቀው ያደረጉት ነው፣ ወንድሜ አያደርገውም አለ። ትንሽ ቆይቶ ደገመው። ቤት ስንገባም ጫማውን እያወለቀ፣ ወንድሜ አያደርገውም አለኝ፤ ማንም ሳይጠይቀው። እራት ላቅርብ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁና አለቀስሁ።

በሰርግ አጀብ መሐል በኤሊ እርምጃ ስትንፏቀቅ የኖረች መኪና ፍሪሲዮኗ እንደሚቃጠል ደግሞ በኋላ ጎረቤታችን መካኒኩ አስረዳኝ። እኛ ያወቅነው በቀጠሮው ቀን፣ ሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው አቀበት ላይ ነው። የሚቃጠል ነገር ሸተተን፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን ወይ ፍንክች! ወንድምዎ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩ ካልሲው እስኪጠበው ድረስ እያበጠ፣ ስልኩን አውጥቶ መጀመሪያ የደወለው ለእርስዎ ነው። ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። ስብሰባ ላይ ይሆናል አለኝ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አዝኖልን በጋቢናው ጭኖ ሲያደርሰን ተራው አልፎ፣ ማሽኖቹ ሁሉ ሰው ይዘው ነበር። በማግሥቱ ማሽኑ ሳይደርሰው ትንፋሽ አጠረው። የተባለው ውኃ ሳንባው ውስጥ ገብቶ አስተኙት፤ እስካሁን እዚያው ነው፣ በአፍንጫው ኦክስጅን ተሰክቶለት።

ለአቤቱታችን ድርጅትዎ የሰጠው መልስ ፈጣንና የማያሻማ ስለነበር ሳላመሰግን አላልፍም፤ ዋስትናው ፍሪሲዮንን አይጨምርም። በዚህም መሠረት መኪናዋ ደጃችን ቆማለች። እርስዎም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋል።

ክቡር ሆይ፤ ካሣ አልጠየቅሁም፣ መኪናዋም ትቀየርልኝ አላልሁም። ወንድምዎ ለፖሊስ እንዳላመለክት አስምሎኛል፤ ያሳደግነውን ልጅ ከሥራው ታስባርሪዋለሽ ብሎ። እዚያ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ትንፋሹን እየቆጠበ የሚጨነቀው ለእርስዎ ነው! አንጀቴ የሚያርረው እዚህ ላይ ነው። ባዳ ቢያታልለን ሳንመረምር የገዛን እኛ ነን ብለን እንተወው ነበር። እርስዎ ግን የወንድምዎ ትንፋሽ በዚያች መኪና ላይ መንጠልጠሉን እያወቁ፣ ዐይን ዐይኑን እያዩ ሸጡለት። ምን አድርገንዎት ነው? ምን በድለንዎት ነው? እውነቴን ነው የምጠይቅዎ፤ ስብሰባ በማይኖርዎት ቀን ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ይምጡ። አልጋው አጠገብ ይቀመጡና እያወቅሁ ያደረግሁት እኔ ነኝ ብለው በራስዎ አፍ ይንገሩት። ከፈለገ ይቆጣዎት፣ ከፈለገ ይታረቅዎት፣ እሱ ያውቃል። ለእርስዎ ሲል ጥፋቱን ባልሠሩት ሠራተኞች ላይ ሲለጥፍ መስማት ግን ሰልችቶኛል። ሆስፒታሉ በቀላሉ ይገኛል፤ የጥየቃ ሰዓት ከሰዓት በኋላ ነው፤ በር ላይ የሚጠይቁት የማን ዘመድ ነዎት የሚለውን ብቻ ነው።

ለድርጅትዎ የደራ ገበያ፣ ለአዳራሽዎ የተወለወለ መስታወት፣ ለመጪዎቹ ሙሽሮችዎ ሁሉ የሰመረ ትዳር እየተመኘሁ፣ ለቤት ሰው ያደረጉትን ይህን ልዩ አስተያየት በቀረው ዕድሜዬ እንደማልረሳው በታላቅ አክብሮት አረጋግጣለሁ።

የታላቅ ወንድምዎ ሚስት

ግልባጭ፦
ለጸሐፊዎ፣ ስብሰባው ሲያልቅ እንድታቀርብልዎ
ቀጥሎ ለሚመጣው የቤት ሰው፣ እንዲያውቀው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማሙሽ፣ ይህን ደብዳቤ ወደ ጋዜጣው ከመውሰዴ በፊት ለወንድምህ አነበብሁለት። ቅደጂው ይለኛል ብዬ ነበር። ዐይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው አደመጠኝና፣ አንድ ነገር ብቻ አስተካክዪ፣ «ወንድምዎ» የሚለውን ሁሉ ሰርዘሽ «ገዢው» በይው አለኝ። እስክሪብቶውን አነሣሁ፤ እጄ እምቢ ስላለኝ ግን እንዳለ ትቼዋለሁ። አንተ ግን እሱ እንደ ሰረዘው ቁጠረውና ቶሎ ና።