ከውስጥ ነው ከውጭ?

ማክሰኞ

የጋሽ ይመርን መድኃኒት ቤት መስኮት በነፃ ጠረግኩላቸው። እሳቸው ዙህር ሊሰግዱ መስጊድ ሄደው ነበር። መስታወቱ ከላይ እስከ ታች ጭቃ ለብሷል። ከጧት ጀምሮ ከወልዲያ የሚሸሸው መኪና ነው የረጨው፣ ሌላ ምን ይሆናል ብዬ አቼቶዬንና አሮጌ ጋዜጣዬን ይዤ ተነሳሁበት። ዝንብ አየር መስሏት እስክትጋጭ ድረስ ወለወልኩት።

ይሄ መስኮት ለእኔ ማስታወቂያዬ ነው። በባጃጅ ከወልዲያ የሚመጡት መስኮት ጠራጊዎች መሰላልም አላቸው፣ ዩኒፎርምም አላቸው። እኔ ያለኝ ባልዲ ነው። ግን መርሳ ላይ መስታወት ሲነሳ የሚጠራው የእኔ የሰዓዳ ስም ነው፤ አንድ ነገር ስለማውቅ። እድፉ ከውስጥ ነው ከውጭ? እነሱ ውጭ ውጭውን ሲፈትጉ ይውላሉ፣ እድፉ ግን በውስጥ በኩል ነው። እኔ አንገቴን ዘመም አድርጌ ሳይ እለየዋለሁ። ሥራዬን ማየት ለሚፈልግ ሁሉ "የጋሽ ይመርን መስኮት ሂድና እይ" እለዋለሁ።

ደግሞ ውለታ አለብኝ። መብራት ከጠፋ ወዲህ የእማን የስኳር መርፌ የሚያቆዩልን እሳቸው ናቸው። መድኃኒት ቤቱ ጓዳ ባለው ማሰሮ፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ብልቃጦቹን ቀብረው። የእኛ ቤት በዚህ ሙቀት ቆርቆሮው ይነዳል፤ ስለዚህ አንድ አንድ ብልቃጥ ነው የምወስደው። ቤት ያለው እስከ ዓርብ ያደርሳታል።

ከሲሪንቃ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይሰማል። እኔ ግን ዛሬ በሥራዬ ደስ ብሎኛል። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ረቡዕ

ጭቃውን የቀቡት ራሳቸው ጋሽ ይመር ናቸው።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "ሰዓዳ ልጄ፣ ባዶ ቤት ይምሰል ብዬ በእጄ የለቀለቅሁትን ነው እኮ የጠረግሽው" አሉኝ። ዞር ብዬ መንገዱን አየሁ። የእንስሳት መድኃኒት ቤቱ ጭቃ። ልብስ ሰፊው ጭቃ። ሻይ ቤቱ ጭቃ። ለካ ከተማው ሁሉ ሲለቀልቅ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ሥራዬ ከሰው ሥራ ጎልቶ ይታይ ብዬ ስለፋ ኖሬ፣ ይኸው ጎልቶ ታየ። ከመንገዱ ሁሉ የሚያበራው አንድ መስኮት ብቻ ነው።

"አሁኑኑ እመልሰዋለሁ ጋሼ፣ ወላሂ አሁኑኑ" ብዬ ባልዲዬን ቦዩ ውስጥ ነከርኩ። ግማሹን ሳላዳርስ ተኩሱ ከተማው ጫፍ ደረሰ። ባልዲውን ጥዬ ሮጥኩ። እሳቸውም በሩን ቆልፈው ሮጡ። ብልቃጥ ይዞ ለመውጣት ጊዜ አልነበረም።

ሰው በውርጌሳ አድርጎ ወደ ደሴ እየወጣ ነው። እማ እግሯ ላይ ቁስል አለባት፣ መራመድ አትችልም። እኔም ቀረሁ።

ሐሙስ

ታጣቂዎቹ ገብተዋል። ከቤት መውጣት የለም።

ውኃ ሁለት ጀሪካን። ሽሮ አለ። ክብሪት አለ። መርፌው የነገ ብቻ።

ዓርብ

ጎረቤታችን ከድጃ በአጥሩ ቀዳዳ ነገረችኝ። መድኃኒት ቤቱን መስኮቱን ሰብረው ገብተዋል፤ ካርቶን ተሸክመው ሲወጡ አይታለች። አሁን ቁስለኞቻቸውን አስተኝተውበታል፣ ማንም አይጠጋም።

"የእንስሳቱስ?" አልኳት።

"እሱንማ ዞር ብለውም አላዩት።"

ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። እኔ ነኝ። ኑ ግቡ ብዬ የጠራኋቸው እኔ ነኝ፤ በእናቴ መድኃኒት ላይ።

የመጨረሻውን መርፌ እማን ወጋኋት። ለእሷ ምንም አልተናገርኩም።

ቅዳሜ

ውኃ፣ ውኃ፣ ውኃ። አንዱን ጀሪካን ጨርሳለች። ሽሮውን ገፋችው።

"ምን ሆነሽ ነው ፊቴን የማታይው?" አለችኝ። ነገርኳት፤ ሁሉንም።

"ኧረ ተይ እንግዲህ! መሣሪያ የያዘ ሰው መስኮት መርጦ ነው እንዴ የሚገባው?" ብላ ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ አስመለሳት። የቀረቻትን ጉልበት እኔን በማጽናናት ጨረሰቻት። ያ ረቢ፣ ይህን እጄን ጠላሁት።

እሑድ

ጧት ቁስለኞቻቸውን ጭነው ሄዱ። ጋሽ ይመር ከሸሹበት ተመልሰው በጓሮ በኩል መጥተው "ቶሎ በይ" አሉኝ።

መድኃኒት ቤቱ ስንገባ ማሰሮው ከጓዳ ወጥቶ መሐል ወለሉ ላይ ተሰብሯል። አሸዋው ከመስኮቴ ስባሪ ጋር ተደባልቋል። ተንበርክኬ በጣቴ ፈለግኩ። ሦስት ቦታ ቆረጠኝ። የተሰበረ ብልቃጥ፣ ሌላ የተሰበረ ብልቃጥ። ከዚያ አንድ ክብ ነገር ነካሁና ጮኽኩ። አልተሰበረም፣ አልተከፈተም።

ጋሽ ይመር ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፣ አራቁት። መነጽራቸው በሽሽቱ ጠፍቷል። "ይሄ ዓይነቱ እንደ ውኃ መጥራት አለበት። ከደፈረሰ ሙቀቱ አበላሽቶታል ማለት ነው። አንቺ እዪልኝ።"

ደፍርሷል። ከዚያ አሸዋው ትዝ አለኝና በሻሼ ጫፍ ወለወልኩት፣ ደግሜ ወለወልኩት። መስታወት በሌለው መስኮት በኩል ወደ ብርሃኑ ያዝኩት። አብዛኛው ለቀቀ። አንድ ቀጭን ጭጋግ ቀረች። ከውስጥ ናት ከውጭ? አንገቴን ዘመም አደረግኩ። እንባዬ አላሳይ አለኝ። እሳቸው ቆመው ይጠብቃሉ፣ እማ ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት።

"ከውጭ ነው" አልኩ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ጋሼ፣ ሥራዬ ነው።"

"እንግዲያው ቢስሚላህ በይ፣ አብሽሪ" አሉኝ። ቤት ደርሼ ወጋኋት።

አሁን ዐሥር ሰዓት ሆኗል። ብልቃጡን እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልዬዋለሁ፤ አሥሬ እየገለጥኩ አየዋለሁ። ከተቆረጠው ጣቴ ደም ነክቶት ከእንግዲህ የሚለይ ነገር የለውም። "ሥራዬ ነው" ያልኩት አይቼ ነው ወይስ ፈልጌ?

እማ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ትተነፍሳለች። ከወጋኋት ወዲህ ውኃ አልጠየቀችኝም። ደህና እየሆነች ይሁን ወይም መጠየቅ አቅቷት፣ አላውቅም። ጣሳውን ሞልቼ አጠገቧ ቁጭ ብያለሁ።