ዳና ሳይመጣ ያቀረብኩት ምስጋና

ውድ ልጄ ትዕዛዝ፣

አይ፣ አላበድኩም ነበር! «ቦሼ በልጇ ናፍቆት ጭንቅላቷ ተነካ» የሚሉትን አትስሚ። ጤነኛ ነበርኩ። የቦይና ሥሬን ቀቅዬ፣ ለላሟ ሳር ጥዬላት፣ ንጹህ ነጠላ ለብሼ ነው ቤተክርስቲያን የሄድኩት። ያበደ ሰው ለላም ሳር ያስባል?

ከአረካ የመጣው ሰባኪ ነው ነገሩን ያመጣው። «ያልተቀበላችሁትን እንደተቀበላችሁ አድርጋችሁ በእምነት አመስግኑ» አለ። የባድመው ጦርነት አልቆ የሌላው ሰው ልጅ ሁሉ ከግንባር ይመለሳል፣ የኔ ልጅ፣ ያንቺ ባል፣ ዳና ግን ወሬውም የለ። እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ አፌ ከእግሬ ይቀድማል። ብድግ ብዬ «ዳናን በሰላም ያመጣልኝ ጌታ ይመስገን!» አልኩ። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። «በእምነት ነው» ማለት ነበረብኝ፣ ሳልል ተቀመጥኩ። እልልታው ጣመኝ፣ ልጄ። ለአንድ አፍታ መጥቶልኝ ነበር።

አንቺ ውሃ ልትቀጂ ምንጭ ወርደሽ ነበር። ከቤተክርስቲያን የወጡት መንገድ ላይ አግኝተውሽ «ደስ ይበልሽ፣ ባልሽ ገባ! አማትሽ አመሰገነች» አሉሽ። ጀሪካኑን ጥለሽ ሮጥሽ። እኔ ስደርስ ጓዳውን አይተሽ ጨርሰሽ፣ እንሰቱ ውስጥ ገብተሽ «ዳና! ዳና!» ትያለሽ። እኔን ስታዪ ፀጉርሽን በእጅሽ እያስተካከልሽ «እማዬ፣ የት ነው? ተኝቷል እንዴ?» አልሽኝ።

«በእምነት ነው» አልኩሽ።

ምነው በሰደብሽኝ ኖሮ! ፀጉርሽን ያስተካከልሽበትን እጅ አወረድሽ። ከዚያ ጎረቤቱ ቅቤ ይዞ «እንኳን ደስ አላችሁ» ሊል ጎረፈ። በር ላይ ቆመሽ «ገና ነው፣ ገና ነው» እያልሽ የመለስሽው አንቺ ነሽ። እኔ ምድጃ ሥር ተሸጎጥኩ።

ጠቅልለሽ ወደ ሃላሌ፣ አባትሽ ቤት የሄድሽ ቀንም እስከ መናኸሪያ እንኳን አልሸኘሁሽም። መዝሙር እዘምር ነበር፣ ጮክ ብዬ፣ ኮቴሽን እንዳልሰማ።

አሁን ቅቤ ነጋዴዋ ሳህሊቱ ከሃላሌ መጥታ ምን አለችኝ? ደገፉ የሚባል ልብስ ሰፊ ላግባት ብሎ ሽማግሌ ልኮብሽ፣ «አማቴ በእግዚአብሔር ፊት ዳና መጥቷል ብላለች፣ ሳታውቅ አትናገርም» ብለሽ መለስሻቸው አሉ። ወይ ጉዴ! ልጄ፣ እኔ ምንም አላውቅም። ያኔም አላውቅም፣ ዛሬም አላውቅም። በኔ አፍ ታስረሽ ወጣትነትሽን አትጨርሺ። ሰውየው ደግ ከሆነ አግቢው። እዚህ ጋ ፊደሉ ከተጣመመብሽ መሠረተ ትምህርት ያስተማረኝን ሰው አትስደቢ፣ እሱ ደህና አርጎ ነው ያስተማረኝ።

ማመስገኑን ግን አልተውኩም። ባለፈው እሁድ ስነሳ ሰዉ ሁሉ ተሳቀቀ። ወንጌላዊውማ «እማማ ቦሼ፣ እባክዎ አጠር አድርገው» አለኝ፣ ይሄ ባለጌ፣ እትብቱን የቀበርኩለት! አሳጠርኩለት። «ጌታ ሆይ፣ ልጄ አልመጣም። ምራቴም በኔ ተከፍታ ሄደች። ቤቴ ባዶ ነው። ተመስገን» አልኩ። ማንም እልል አላለም። ቁጭ አልኩ፣ ግን የዚያን ሌሊት ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

ስትወልጂ ላኪብኝ። አያት ነኝ ብዬ እመጣለሁ፣ ማን ይከለክለኛል? ደገፉም ቢሆን…

ቆይ፣ በር ላይ ሰው ይጣራል። የወንድ ድምፅ ነው። ልቤ ደግሞ «ዳና ነው» ማለት ጀመረ፣ አፌም ሊከፈት ነው። አይሆንም! መጀመሪያ ወጥቼ ልየው።

እናትሽ ቦሼ