«አሁን!» ያለው ድምፅ

ጄምስታውን፣ ሴንት ሄሌና

ይድረስ ፎክላንድ ላሉት ውድ አባቴ፤

ተሳፋሪ የሚወርድበትን ቅጽበት የሚጠሩት አጎቴ ሴድሪክ «አሁን!» ብለው ሲጮኹ ማዕበሉ ጀልባዋን ከወደቡ ደረጃ እኩል አድርሷት፣ መልሶ ወደ ታች እየወሰዳት ነበር። ከትልቁ መርከብ ያመጣናቸው አሮጊት ቃሉን አምነው ተራመዱ፤ እግራቸው አየር ረገጠ። የጀልባዋን ገመድ ይዤ የነበርኩት እኔ በኮታቸው ጎትቼ አወጣኋቸው፤ ክንዳቸው ግን ተሰበረ።

አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? የዚያ አገር ብርድስ እንዴት አደረገዎት? እኛ ደህና ነን።

የወደቡ አለቃ ሲጠይቅ አጎቴ «ገመዱን እሷ አላልታው ነው» አሉ። ጀልባ ነጂዎቹም በትምህርቴ እያላገጡ «እመቤት ዲፕሎማ፣ ገመድ እኮ እንደ መጽሐፍ አይገለጥም!» እያሉ ሳቁብኝ። የጀልባ መሪነት ፈተናዬ ተሰረዘ። ማዕበል መቁጠር ያስተማሩኝ አጎቴ ናቸውና ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ዝምታዬ ነው።

እሑድ አጎቴ የእማማን የሩዝ ምግብ፣ ፕሎ፣ ሊበሉ መጥተው ነበር። ሻዩን ከስኒው ውጭ ቀዱት። እኔን በር ላይ ሲያዩኝ በእማማ ስም ጠሩኝ። ደብዳቤዎን ብሰጣቸው «አንቺው አንብቢልኝ፣ መነጽሬን ረስቼ ነው» አሉ፤ መነጽሩ አፍንጫቸው ላይ ነበር። እማማ ቶሎ ብላ ወሬ ቀየረች።

ቅዳሜ ሌላ መርከብ ይመጣል፤ ባሕሩም አልበረደም። ሰው ስለጠፋ ገመዱን እንደገና ያዢ ተብያለሁ።

እባክዎ ለአጎቴ አይጻፉላቸው፤ ይደውሉና ዓይናቸው ማዕበሉን እንደማይለይ ይንገሯቸው። የሚሰሙት እርስዎን ብቻ ነው። እግዚአብሔር በጤና ያገናኘን። እኔ ግን ከእንግዲህ «አሁን!» የምለው ራሴ ካልሆንኩ ያንን ገመድ አልይዝም።

ልጅዎ ራሞና