እናቴ ያስተማረችው የብረት ክንድ

ኅዳር 4፣ ከቀኑ 9 ሰ.
ዛሬም ጭቃ ስረግጥ ዋልኩ። ጅዳ የሰው ቤት እብነ በረድ ስወለውል ኖሬ፣ እግሬ ጭቃ አገኘ፤ አልሀምዱሊላህ፣ ወዶታል።

ማስታወሻዬ፣ ችግሩ ሌላ ነው። እናቴ ድስት መሥራቱ አላቃታትም። ያቃታት መቀባቱ ነው። ቅቡን ከአመድና ከነጭ አፈር ትበጠብጠዋለች፣ ሲተኮስ እንደ ብርጭቆ ያበራል። ደሴ ሠልጥና ያመጣችው ነው፤ መካነ ሰላም ውስጥ ሌላ የሚችል የለም። ገበያተኛ የሚመጣልንም ለእሱ ነው። አሁን ቀኝ እጇ ይንቀጠቀጣል። እኔ ሞከርኩ። አበላሸሁ።

የጅዳው ደላላ ደወለ። ቪዛሽ ደርሷል፣ ቁርጥሽን ንገሪኝ ይላል። ቅቡ ከቀረ ተመልሼ ጅዳ እሄዳለሁ። ሌላ ምን አለኝ?

ኅዳር 7
ወንድሜ ሰይድ ጉዱን ተሸክሞ መጣ። ቴክ/ሙያ ኮሌጅ ያስተምራል፣ እጁ አያርፍም። የብረት ክንድ ሠርቷል። የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተር፣ ከአሮጌ ፕሪንተር የተነቀለ ባለ ጥርስ መዘውር፣ ሽቦ በሽቦ። እናቴ ብሩሹን ከክንዱ ጋር ይዛ አንድ ድስት ትቀባለች፣ ክንዱ እንቅስቃሴዋን ይዞ ይደግመዋል። ሰይድ የሚለው እንዲህ ነው። እናቴ ከት ብላ ሳቀች። «ብረትም ቂርኣት ሊማር ገባ በሉኛ!» ሰይድ አኮረፈ። ቆይቶ እሱም ሳቀ።

ኅዳር 8
ጠዋት ጠዋት እጇ ይሻላታል። ስለዚህ በጠዋት። ድስቱ ዞረ፣ ብሩሹ ከአፉ ጀምሮ ወረደ። አንዴም አልተንቀጠቀጠች። ትንፋሼን ውጬ አያለሁ። አንገቱ ላይ ስትደርስ ጎረቤታችን ሼህ ይማም በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ሰላም አሉ። እናቴ ብሩሹን ሳታነሳ ዞር ብላ መለሰች። ስለ ልጁም ስለ ከብቱም ጠየቀቻቸው። ከዚያ ቀጠለች። ማናችንም ልብ አላልንም። መብራት ሳይጠፋ ጨረስን። ሰይድ ግንባሯን ሳመ። እንዲህ ያለ ወንድም ስለሰጠኝ አላህን አመሰገንኩ።

ኅዳር 15
ክንዱ ይቀባል! ቁርጥ እናቴን። ያቺ ከአንጓዋ ጠምዘዝ የምታደርጋት እንኳ አለችው። እናቴ በርጩማዋ ላይ ሆና እጄን ሰረቃችሁኝ ትላለች፣ ደስ ብሏት።

ግን አንገቱ ጋ ሲደርስ ዞር ይልና ቀጥ። በእያንዳንዱ ድስት። ቅቡ እዚያው ይንጠባጠባል፣ ክንዱም ደስ ባለው ሰዓት ይቀጥላል። ሰይድ ፈታው፣ ገጠመው፣ ዘይት ቀባው፣ ተሳደበ፣ ምሳም እምቢ አለ። ነገሩ በመጨረሻ ለእኔ በራልኝ። የሼህ ይማም ሰላምታ ነው! እየሳቅኩ ነገርኩት። እሱ አልሳቀም፤ እናቴን ለምን አቆምሽ ብሎ ሊወቅሳት ቃጣው። እሷ ደግሞ፦ «ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነው ልጄ። ዝም ብዬ ላሳልፋቸው ኖሯል?»

ክንዱ ከያዘው እንቅስቃሴ መቆሚያውን ቆርጦ ሊያወጣ ሞከረ። ክንዱ ዘለለና ድስት ሰበረ።

ኅዳር 20
እናቴ ክንዱን እንደገና ይዛ ታስተምረው ተባለ። በጠዋት ተቀመጠች። እጇ እምቢ አለ። በጠዋትም። ደጋግማ ሞከረች፣ ብሩሹን አስቀመጠችና እጇን በሻርፗ ሸፈነች። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ደህናው እጇ የቀረው ብረቱ ውስጥ ብቻ ነው፣ ከነሰላምታው። ሰይድ ከእንግዲህ አልነካውም አለ። ያሉትን ድስቶች ከነጠብታቸው ምድጃ አስገባን። ደላላውን እስኪተኮሱ ታገሠኝ አልኩት።

ኅዳር 23፣ ከገበያ መልስ
አልሀምዱሊላህ፣ አልሀምዱሊላህ። ማር የመሰለ ቀለም ወጣ። ሁሉም አንገታቸው ላይ አንድ ወፍራም ጠብታ ወርዶ ደርቋል። እያፈርኩ ገበያ አወጣኋቸው። ከአጅባር የመጣች ነጋዴ ጠብታውን በጣቷ ዳበሰችና ምንድን ነው አለች። ሰላምታ ነው ብዬ ታሪኩን ነገርኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ለጎኗ ሴት ነገረች፣ ያቺም ለሌላዋ። ሰላምታ ያለውን ስጪኝ ይሉኝ ጀመር። አንዷ ግን እንከን ነው ብላ ጥላው ሄደች፤ እሷም አልዋሸችም። ባዶ ቅርጫት ይዤ ተመለስኩ።

ኅዳር 24፣ ጠዋት
ለደላላው ደወልኩ። አልሄድም። ጭቃ ልትረግጪ? አለ። አዎ፣ ጭቃ።

ለእናቴ ነገርኳት። ሰይድን ጠርታ ሁለታችንንም አጠገቧ አስቀመጠችን። እጆቿን ለዱዓ ዘረጋች፣ የሚንቀጠቀጠውንም። ለሰይድ ለመነች። ለእኔ። ለሼህ ይማም። ከዚያ ቀና ብላ ክንዱን አየችው፦ «ያ ረቢ፣ ልጄን ከስደት ያስቀረልኝን ይህን ብረት ከክፉ ዓይን ጠብቀው።»

አሚን አልን።