አንድ እግሩ ያጠረው ሽመላ

ሎስ አንጀለስ፣ 1975

ውድ እትዬ ሱይ ላን፣

እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገርኩትን ነው የምጽፍልሽ። እናትሽ የተቀበሩት አንቺ በሰፋሽላቸው የመቀበሪያ ቀሚስ አይደለም። ከቻይና በላክሽው ደብዳቤ ሁሉ «ልካቸው ሆነ ወይ?» ስትዪኝ፣ «በልካቸው ነው» ያልኩሽ ውሸቴን ነው።

ያን ጊዜ ደብዳቤያችንን የሚጽፍልን የመድኃኒት ቤቱ ሽማግሌ ነበር። ይህን በእሱ ፊት እንዴት አፍ አውጥቼ ልናገር? ባሌ ከሞተ ወዲህ ከአሮጌ ጋዜጣ ላይ ማንበብና መጻፍ ተማርኩ፤ ይኸው በገዛ እጄ ነው።

ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት ፑን የሚባል የፊልም ሰዎች ደላላ ሠፈራችንን ቤት ለቤት ያስስ ነበር። ስለ አንዲት የቻይና ንግሥት ፊልም ሊሠሩ ነው። «የድሮ የሐር ልብስ ያመጣች ሴት የምትናገረው ቃል ይሰጣታል» አለኝ። እትዬ፣ ስምንት ፊልም ላይ ቆሜያለሁ፤ ጎመን ስሸጥ፣ ከጦር ስሸሽ፣ ሞቼ ተጋድሜ። አንድ ቀን አፍሽን ክፈቺ ያለኝ የለም። ጓጓሁ። ከኋላ ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት መስሎኝ የእማማን ሣጥን ከፍቼ ያንቺን ቀሚስ ሰጠሁት።

እማማ ራሳቸው ለንግሥቲቱ ከሚሰግዱት ስድሳ ሰዎች አንዷ እንደሚሆኑ አላወቅሁም። ፑን ነጭ ፀጉራቸውን ወዶ ከገበያ ይዟቸው መጣ።

የቀረጻው ቀን በሩ ተከፈተና ንግሥቲቱ ገባች። ዓይኗን በሙጫ ወደ ላይ የሳቡላት ፈረንጅ ናት። የለበሰችው ያንቺን ቀሚስ ነው፤ እንደ ሬሳ ልብስ ሁሉ ቁልፍ የሌለው፣ በማሰሪያ ብቻ የሚታሰር። መሬት ላይ የተደፋነው ሁላችንም ምን እንደሆነ ገባን። ከፈረንጆቹ የገባው አልነበረም።

«ሴትዮዋ ተገንዛ መጣች እኮ!» አለ ከጎኔ አትክልት ሻጩ ዎንግ።

«ዝም በል፣ ሳቄን አታምጣብኝ» አለችው ሚስቱ።

«የማን ጉድ ነው ግን እናቱን ያለ መቀበሪያ ልብስ ያስቀረ?»

እማማ ቀና አሉ። አንገትጌው ላይ የተጠለፈውን፣ አንድ እግሩ ያጠረውን ሽመላ አዩ፤ ጣትሽን መርፌ ወግቶሽ ሳትጨርሺ የተውሽውን። ከዚያ እኔን አዩኝ። ዳይሬክተሩ «ስገዱ!» ብሎ ጮኸ። እማማ ለገዛ መቀበሪያ ቀሚሳቸው ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ሰገዱ። ሦስት ጊዜ አስደገመን።

የኔ ቃል «እሺ እመቤቴ» ነበር። ተናገርኩ። ፊልሙ ሲወጣ ቆርጠውታል።

ስንመለስ እማማ ትራሙ ላይ «ስፌቱ ከሩቅ ያምራል» አሉ። «ልጄ ጎበዝ ናት።»

«እማማ፣ ነገ አስመልሰዋለሁ።»

«ለምን? ንግሥቲቱ መጨረሻ ላይ ትሞትበታለች አሉኝ። ሌላ ሰው የሞተበትን እኔ አልለብስም።» ከዚያ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። «ለሱይ ላን እንዳትነግሪያት። ሁለት ዓመት ሙሉ ነው የሰፋችው።»

ለወንድምሽ «ሐር ይበርደኛል፣ በጥጥ ቅበረኝ» ብለው ሸፈኑልኝ። በጸደይ አረፉ። የቀበርናቸው ገበያ በሚሄዱበት ቡናማ ጃኬት ነው። ቀሚሱ ከቀብሩ በኋላ ተመለሰ፤ አንገትጌው የተዋናይቷን ፓውደር ይዟል።

ፊልሙን ሰባት ጊዜ አየሁት። ስድሳችንም ጀርባ ነን። ከፊት የቆመ የኛ ነገር ቢኖር ያ ሽመላ ብቻ ነው።

እማማ ያዘዙኝን ዛሬ አፈረስኩ። ግን ዝም ብል አንድ ቀን በወዲያኛው ዓለም ስትገናኙ «ልክዎ ሆነ ወይ?» ትያቸዋለሽ። እዚያም ስለኔ ብለው እንዲዋሹ አልፈልግም።

ልጄ ሜይ ጂን በሚቀጥለው ወር መንደራችሁ ትመጣለች። ይህን ደብዳቤና ቀሚሱን የምታደርስልሽ እሷ ናት። ልበሺው ወይም አቃጥዪው፣ እንደ ፈቃድሽ ነው። ማንበብ እንደማትችዪ አውቃለሁ፤ የመንደሩ አንባቢ እንዳያየው ግን አሽጌ በእሷ እጅ ላክሁት። ይህን ወረቀት ከፍታ የምታነብልሽ ራሷ ሜይ ጂን ናት። እናቷ ያደረገችውን እሷም የምትሰማው ያኔ ነው።

የወንድምሽ ሚስት፣
ዩክ ቺንግ