ከመቶ ሰማንያ ሰባቱ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

አርባ ሰው ደውዬ ጠየቅሁ። ጆሮዬ ግሏል። መጠይቁን የሚያሠራን ትልቁ ሆስፒታል ነው፤ የአባባን ሰፈር ጤና ጣቢያ አዘግቶ ቦታውን መውሰድ ይፈልጋል። ግን "ይዘጋ ወይ?" የሚል ጥያቄ የለም። "ዘመናዊ ሕክምና እንዲስፋፋ ይደግፋሉ?" ነው የሚለው። ማን አልደግፍም ይላል?

"እናንተ ታውቃላችሁ" ያሉትን ምን ብዬ ልሙላ ብዬ አለቃችንን ጠየቅሁት። ስንት እንደደወልን ስለማይስት ቆጣሪው ነው የምንለው። "ካልተቃወመ ደግፏል" አለኝ። ጉድ እኮ ነው።

አባባ ደግሞ ጤና ጣቢያው እንዳይዘጋ ቤት ለቤት ፊርማ እየለቀመ ነው። ምን እንደምሠራ በደንብ አያውቅም... "ቢሮ" ነው ያልኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ከኮታዬ አንድ ሰው ቀርቶኛል። ኮምፒውተሩ የአባባን ቁጥር አወጣ! የምታውቁት ሰው ከሆነ ዝለሉ ተብለናል። መዝለል ነበረብኝ። ቆጣሪው ኋላዬ ቆሟል፣ መውጫ ሰዓት ደርሷል... "ጤና ይስጥልኝ፣ ለጥቂት ደቂቃ ልጠይቅዎት?" የገዛ አባቴን አንቱ። በመሥሪያ ቤት ድምፄ አላወቀኝም።

ጥያቄውን አነበብኩለት። ከጤና ጣቢያው ጋር በምን ያገናኘው? "እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ፣ ልጄ" አለ።

"ይደግፋል" ብዬ ሞላሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

በሬዲዮ ተነገረ። ከመቶ ሰማንያ ሰባቱ ነዋሪ የጤና ጣቢያውን መዘጋት ደግፏል አሉ። መዘጋት? መቼ ጠየቅን?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

አባባ ቤት ሄድኩ። ነገ ለማዘጋጃ ቤት ሊያስገባው የነበረውን ፊርማ መሳቢያ ውስጥ ከቶታል። "ሰው ሁሉ ከፈለገው እኔ ማን ነኝ?" አለኝ። ጎረቤቶቹ ፊት ለፊቱ ፈርመው በስልክ የካዱት መስሎት አንድ በአንድ አማቸው። በተለይ ጫማ ሰፊውን፣ የሠላሳ ዓመት ጓደኛውን።

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ሻይዬን ጠጥቼ ወጣሁ። ፈሪ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ነገርኩት።

"ከሰማንያ ሰባቱ አንዱ አንተ ነህ፣ አባባ።"

"እኔን ማንም አልጠየቀኝም።"

"ተጠይቀሃል። የደወልኩልህ እኔ ነኝ።"

መነጽሩን አወለቀ። አልጮኸብኝም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን ይዘን ማዘጋጃ ቤት ሮጥን። የማስገቢያው ጊዜ ረቡዕ አልቋል አለችን ጸሐፊዋ። መቶ አሥራ ሁለት ፊርማ! ማክሰኞ ብናገር ምን ነበረበት? ምን ነካኝ?

ሲመለስ ጫማ ሰፊው ቤት ገባ። ይቅርታ ሊጠይቅ። በእኔ ጥፋት።

ሰኞ፣ ኅዳር 30

ጤና ጣቢያው ተዘግቷል። አባባ ደም ግፊቱን ለመለካት ሁለት አውቶቡስ ይይዛል። ዛሬ ልሸኘው ብዬ ደወልኩ።

"ማን ልበል?"

"እኔ ነኝ፣ አባባ።"

"እሱንስ አወቅሁ። የደወልሽው እንደ ልጄ ነው ወይስ እንደ መሥሪያ ቤትሽ?"

ሥራውን ለቅቄያለሁ ብዬ ብነግረው እንዴት ደስ ባለኝ። አልለቀቅሁም።